ከኮምቦልቻ የተጫነው ጀሪካን ደሴ ሲደርስ ለምን ይወጠራል?

ችግሩ፦ ኮምቦልቻ ላይ ተሞልቶ የተከደነ የአሴቶን (ቀለም የሚያሟሟ፣ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ) ጀሪካን ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ሆዱ ተወጥሮ ይገኛል። ክዳኑ ሲላላ «ፍስስ» ይላል፣ ሽታውም ሱቁን ይሞላዋል። አብሮት የተጫነው የአልኮል ጀሪካን ግን ያን ያህል አይነፋም።

ምክንያቱ፦ ብዙ ሰው በከፍታው ያሳብባል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በዚህ ልዩነት የውጭው አየር ግፊት የሚቀንሰው 6 ኪሎፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ዋናው ገፊ የፈሳሹ እንፋሎት ነው። ጀሪካኑ እንደተሞላ ወዲያው ከተከደነ፣ አሴቶን ውስጥ በቀረው አየር ላይ በ20 ዲግሪ እስከ 24.6፣ በ30 ዲግሪ እስከ 38 ኪሎፓስካል ይደርባል። ኢታኖል፣ ማለትም አልኮሉ፣ በ20 ዲግሪ 5.9 ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ክብደት ያሳስታል። የአሴቶን ሞለኪዩል 58፣ የኢታኖል 46፣ የውሃ 18 ነው፤ ሆኖም ቀድሞ የሚተነው ከባዱ ነው። ኢታኖል ኦክስጅኑ ላይ አንድ ሃይድሮጅን አለው፤ በዚያ ጎረቤቱን ይይዛል። ውሃ ሁለት ስላለው ይበልጥ ይያያዛል፣ ግፊቱም 2.3 ላይ ይቀራል። የአሴቶን ሃይድሮጅኖች ሁሉም ካርቦን ላይ ናቸው፤ መያዣ የላቸውም። ከሁሉ የሚያሳምነው የቡታኖልና የዳይኢታይል ኤተር ነገር ነው፦ የሁለቱም ክብደት 74፣ አቶሞቻቸውም በቁጥር አንድ ናቸው። በ20 ዲግሪ ግን ኤተሩ 58 ኪሎፓስካል ገደማ ሲደርስ ቡታኖሉ 1 እንኳ አይሞላም። የተለየው ኦክስጅኑ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው፦ የቡታኖሉ ሃይድሮጅን ይዟል፣ የኤተሩ በካርቦኖች መሃል ነው።

ለማየት የሚፈልግ መስታወት ላይ ከአሴቶን፣ ከአልኮልና ከውሃ አንድ አንድ ጠብታ ያድርግ፣ አይተንፍስበት። የአሴቶኑ ጠርዝ ዓይን እያየ ወደ መሃል ይሰበሰብና ይጠፋል፤ የውሃው ገና ክብ ሆኖ ተቀምጧል።

መፍትሄው፦ በጠዋት ብርድ ሙሉ፣ አንድ አሥረኛውን ባዶ ተዉ፣ በጥላ ጫኑ፣ እርጥብ የማዳበሪያ ጆንያ አልብሱት። የሃይላንድ ጠርሙስ አትጠቀሙ፤ አሴቶን ያበላሸዋል። የተወጠረውን መኪና ውስጥ አትክፈቱ። አቀዝቅዛችሁ ደጅ ላይ ክዳኑን ሩብ ዙር ብቻ አላሉ። እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ በመሬት እየተሳበ የቡና ከሰል ዘንድ ይደርሳል፤ ጀበና በተጣደበት ቤት ጨርሶ አይከፈት።

ውሃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ከፈላ ቴርሞሜትሩ ደህና ነው፤ የውሃው እንፋሎት የሳሳውን አየር ቀድሞ ስለሚተካከል ነው።

ጥጥ የሚነከርበት አልኮል ክፍት ሳህን ላይ ውሎ ከደከመም ጥፋቱ ይኸው ነው፦ አልኮሉ ከውሃው ቀድሞ ይወጣል። የሚበቃችሁን ብቻ ቅዱ፣ የተረፈውን ወደ ጠርሙሱ አትመልሱ።