የሠፈር ድመቶች ጭርት ሲይዛቸው እንዴት ማቆም ይቻላል?

ደሴን በመሰለ ቤት ከቤት በተጠጋጋበት ከተማ ድመት የአንድ ሰው ብቻ አትሆንም። ጠዋት እዚህ ቤት ወተት ትልሳለች፤ ቀን የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ማታ ሦስተኛው ቤት ከልጆቹ ጋቢ ሥር ትገባለች። ጭርትም የሚዛመተው በዚሁ መንገድ ነው። አንዷን ድመት ብቻ ማከም ከንቱ ድካም የሚሆነው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ በሽታውን ለዩ። ድመቷን ወደ ብርሃን አቅርባችሁ ጆሮዋን፣ ፊቷንና የፊት እግሮቿን ተመልከቱ። ፀጉሩ በመቀስ የተከረከመ ይመስል አጥሮ ከተሰበረ፣ ሥሩም ላይ አመድ የመሰለ ቅርፊት ካለ ጠርጥሩ። ብዙ ጊዜ ግን ቀድሞ የሚናገረው የልጆች ገላ ነው፤ ድመቷን በሚያቅፉበት ክንድ ወይም አንገት ላይ ዳሩ የቀላ፣ መሐሉ ጠራ ያለ ክብ ይወጣል። በድመት ላይ ይህን የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ማይክሮስፖረም ካኒስ የተባለ ፈንገስ ነው። ግልገሎችና ረጅም ፀጉር ያላቸው ድመቶች ይበልጥ ይጠቃሉ። ጤነኛ የምትመስለውም ፀጉሯ ላይ ይዛው ልትዞር ትችላለች።

እከክም ይህን ስለሚመስል በዓይን ብቻ አትወስኑ፤ የእንስሳት ሐኪም ፀጉር ወስዶ ይመርምር። በርካታ ድመቶች በአንድ ጊዜ ከታመሙ ሐኪሙ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ እንዲልክ ጠይቁ። ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ አለ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው።

ከዚያ ጎረቤት ጥሩ። ለዚህ ከቡና የተሻለ ጊዜ የለም፤ አቦሉ ሳይወርድ የማን ድመት የት እንደምታድር ይታወቃል። ሁሉም ቤት ድመቱን በአንድ ሳምንት ያስመርምር፣ ሕክምናውንም አብሮ ይጀምር። የታመመችውን በጆንያ ከትቶ ሩቅ ሄዶ መጣል የተለመደ ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት። እንስሳዋን መበደል ነው፤ በሽታውንም ወደ ሌላ ሠፈር መላክ ነው።

የታመመችውን ሲሚንቶ ወለል ባለው፣ ብርሃን በሚገባበት ክፍል ለይታችሁ አስቀምጡ። የምትውጠውን መድኃኒት፣ ብዙውን ጊዜ ኢትራኮናዞል፣ ሐኪሙ በክብደቷ ለክቶ ያዝዛል። ከዚሁ ጋር በሳምንት ሁለት ጊዜ በፀረ ፈንገስ ሻምፖ ወይም ሐኪሙ በሚሰጠው የድኝ ውህድ መላ ሰውነቷ ይታጠባል። ግሪሲዮፉልቪን የተባለው ሌላው የሚዋጥ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ለእርጉዝ ድመት አይሰጥም። ነጭ ጋዝ፣ የተቃጠለ ዘይትና ዴቶል ፈጽሞ አትቀቡ። ጋዝ የተቀባች ድመት አይቻለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ገላዋን ስትልስ ውላ ማታ አፏን ከፍታ ምራቋ ይንጠባጠብ ነበር። ድመት የተቀባችውን ሁሉ ትውጠዋለች።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ቤቱን ነው። በረገፈ ፀጉር ላይ ያለው የፈንገስ ዘር ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ፀጉሩን ማንሣት ነው፤ በደረቁ መጥረግ ግን አየር ላይ ይበትነዋል፤ በእርጥብ ጨርቅ ሰብስባችሁ አቃጥሉት። ወለሉን በሳሙና እጠቡ፤ ቀጥሎ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱና ለ10 ደቂቃ ተዉት። መስኮት ይከፈት፤ በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ ወለሉ ታጥቦ እስኪደርቅ ድመቷን አታስገቡ። ጋቢና አንሶላ ሁለት ጊዜ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ይህን በየሳምንቱ ድገሙት።

ልጆቹን ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ገላ ላይ ያለው በቅባት ይድናል፤ የራስ ቅል ላይ ያለው ግን የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። እስኪድኑ ድረስ ኮፍያና ማበጠሪያ አይዋዋሱ።

አዲስ ፀጉር ሲበቅል ሕክምናውን አታቁሙ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። ፀጉሩ ከተመለሰ በኋላም ፈንገሱ ሊኖር ስለሚችል ሐኪሙ ደግሞ መርምሮ ነጻ ናት እስኪል ጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ይወስዳል። የክፍሉን በር የምትከፍቱት የጎረቤቶቹም ድመቶች ሲድኑ ነው።