የሐበሻ ቀሚስ በስልክ ለመሸጥ፦ ከፎቶው እስከ ሞተረኛው

ሽሮሜዳ ሱቅ የለኝም። ያለኝ አንድ ስልክ፣ አንድ የቴሌግራም ቻናል፣ ሁለት ሸማኔዎችና አንዲት ልብስ ሰፊ ናቸው። ከ2012 ጀምሮ ኑሮዬ በዚህ ነው። «እንዴት እንደምትሸጪ አሳዪን» የሚሉኝ እህቶች ስለበዙ ለሁሉም እንዲሆን እዚህ ልጻፈው።

ከፎቶ እንጀምር። ገዢዋ ጨርቁን በእጇ አትዳስሰውም፣ ያላት ፎቶው ብቻ ነው። እኔ የማነሳው ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ቀሚሱን በር ላይ አውጥቼ ነው። አምፖል ስር የተነሳ ነጭ ፈትል ቢጫ ቢጫ ይላል፤ ኋላ ቀሚሱ ሲደርሳት «ያዘዝኩት ይሄ አይደለም» ትላለች፣ እውነቷንም ነው። ፊልተር በፍጹም አትንኩ። ለአንድ ቀሚስ አራት ፎቶ እለጥፋለሁ፦ ከፊት፣ ከኋላ፣ የደረቱን ጥልፍ ቀረብ ብዬ፣ አራተኛው ደግሞ ጥልፉን ገልብጬ ጀርባውን። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሻጭ አያሳይም። ልብስ የሚያውቅ ሰው ግን ሥራውን የሚለየው ከጀርባው ነው፤ ክሩ ተንጠልጥሎ የቀረ ከሆነ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ይተረተራል።

ዋጋውን እዚያው ፎቶው ስር ጻፉት። «ዋጋ በኢንቦክስ» ስትሉ ሰዉ እንደየመልኩ የምትጠሩለት ይመስለዋል፣ ግማሹም ሳይጠይቅ ያልፋል። ቁመቱን፣ ደረቱንና ወገቡን በሴንቲ ሜትር አስቀምጡ። «ፍሪ ሳይዝ» ለሁሉም ሰው ልክ ይሆናል ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ክፍያው። መጀመሪያ ላይ ደንበኛዬ ባንክ ተሰልፋ ገንዘብ ታስገባና የደረሰኙን ፎቶ ትልክልኝ ነበር፤ ለአንድ ቀሚስ ግማሽ ቀኗ ይሄዳል። ግንቦት 2013 በስልክ ገንዘብ የሚላክበትና የሚከፈልበት ቴሌብር ሲጀመር ይሄ ቀረ። ነሐሴ 2015 ደግሞ ኬንያዎች እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚጠቀሙበት ኤምፔሳ እኛም ጋ ገባ። ለእኔ ሥራ ትልቁ ለውጥ ግን መተግበሪያው አይደለም። ባለ በተን ስልክ የያዘች እናት ያለ ኢንተርኔት *127# ብላ በቴሌብር መክፈል መቻሏ ነው። ለሠርግ የሚታዘዝ ቀሚስ ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ እንደዚህ ነው፦ ልጅ ቻናሉ ላይ ትመርጣለች፣ እናት ትከፍላለች። ስለዚህ ደንበኛችሁ ስማርት ስልክ አላት ብላችሁ አታስቡ፤ የክፍያውን አካሄድ በስልክ ደውላችሁ ለማስረዳት ተዘጋጁ።

በ2014 ጥምቀት ሰሞን አንዲት ገዢ የ4,800 ብር ቀሚስ አዘዘችና የከፈለችበትን ስክሪንሾት ላከችልኝ። ሞተረኛው በር ላይ ቆሟል፣ ሌላም ዕቃ ይዟል። ቸኩዬ ሰጠሁት። ማታ ሂሳቤን ስከፍት ገንዘቡ የለም። ስክሪንሾቱን ቀስ ብዬ አየሁት፦ የብሩ ቁጥር ከሌላው ጽሑፍ ወፈር ይላል፤ የተከፈለበት ሰዓት 11፡40 ይላል፣ ከላይ የስልኩ ሰዓት ግን 11፡12 ነው። ሳይከፈል በፊት የተነሳ ስክሪንሾት ነበር። ቀሚሱም ሴትየዋም የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ። የሸማኔውን ሂሳብ ከኪሴ ከፈልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓቴ ይሄ ነው። ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ በ09 ከሚጀምር የግለሰብ ቁጥር የመጣ «ገቢ ሆኗል» የሚል መልእክት ሐሰት ነው። ከ127 ቢመጣም እንኳ ቀሪ ሂሳቤን ራሴ ሳላይ ቀድሞ ተከፍሏል የተባለ ቀሚስ ከቤት አይወጣም። ሞተረኛው ይጠብቅ፣ ቢሄድም ሌላ ይመጣል። ሌላው ማታለያ «በስህተት ልኬልሻለሁ፣ መልሺልኝ» የሚለው ነው። መጀመሪያ ሂሳባችሁን እዩ፤ በእርግጥ የገባ ገንዘብ ካለ ላኪው በደንበኞች አገልግሎት በኩል ያስመልስ። የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም፣ «ከድርጅቱ ነኝ» ላለም ቢሆን አትንገሩ።

ካፒታል ለሌላችሁ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የሰው ዕቃ በኮሚሽን መሸጥ ነው፤ እኔም ስድስት ወር ሠርቼበታለሁ። ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ቀሚሱንም ሄዳችሁ በእጃችሁ ሳትዳስሱ ፎቶውን አትለጥፉ፤ ለገዢዋ ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። ሁለተኛው በትእዛዝ መሥራት ነው። ግማሹን ቀብድ እቀበላለሁ፣ ምክንያቱም ሸማኔው ፈትሉን የሚገዛው በጥሬ ብር ነው። ሸማኔው 15 ቀን ካለኝ ለደንበኛዬ 20 እላታለሁ። ጥምቀት፣ ፋሲካና እንቁጣጣሽ ሊደርሱ አንድ ወር ሲቀራቸው አዲስ ትእዛዝ አልቀበልም። የበዓል ቀሚስ በማግስቱ ቢደርስ ለማንም አይሆንም።

ሥራው ሲጠና ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ ቁጥር አውጡና የነጋዴ ሂሳብ ክፈቱ። የንግዱን ገንዘብ ከቤት ወጪ መለየት የሚቻለው ያኔ ነው።

ማድረሱ ላይ አድራሻ በምልክት ተቀበሉ፤ «ገርጂ» ብቻ አይበቃም፣ ከየትኛው ታክሲ ማዞሪያ፣ ከየትኛው ሕንፃ ጀርባ የሚለውን ጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ለተዘጋጀ ቀሚስ ሲደርስ መክፈል ይቻላል እላለሁ፤ ለክፍለ ሀገር ግን ቀድሞ ካልተከፈለ መናኸሪያ አልወስድም። ዋሽንግተን ያለች ደንበኛዬ ስታዝ አዲስ አበባ ያለች እህቷ ትከፍልና ቀሚሱ በሚሄድ ሰው ይላካል፤ ለእሷ ልኩን ሁለት ጊዜ አረጋግጣለሁ፣ ከዚያ ተመልሶ አይሰፋምና።

ቀሚሱ በደረሰ ማግስት እደውላለሁ። «ቁመቱ ልክ ሆነ? ወገቡስ?» የነገረችኝን ደብተሬ ላይ ከስሟ አጠገብ እጽፈዋለሁ፤ ለሚቀጥለው በዓል ስታዝ ልኳን አልጠይቃትም።