የተደፈነ ፓምፕ ከመፍታትዎ በፊት ኃይሉን እንዴት እንደሚቆርጡ

የጥሬ ውኃ ፓምፕ ጨርቅ ጎርሶ ሲታነቅ የኦፕሬተሩ እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ቀዩ ማቆሚያ ነው። ማቆሚያው ግን ኮንታክተሩን (ኃይል ወደ ሞተሩ የሚያሳልፈውን ኤሌክትሪካዊ ማብሪያ) ብቻ ያስለቅቃል፤ ከኮንታክተሩ በላይ ያለው መስመር ኃይል እንደያዘ ነው። ደግሞም በማጣሪያ ጣቢያ ፓምፕ የሚያስነሳው ሰው ብቻ አይደለም። የታንከሩ ውኃ ሲወርድ ፍሎቱ (የውኃውን ከፍታ የሚከታተለው ተንሳፋፊ ማብሪያ)፣ ሰዓቱ ሲደርስ ታይመሩ፣ አንዳንዴም መቆጣጠሪያ ክፍል ያለ ሰው ያስነሳዋል፤ እጅዎ ኢምፔለሩ (ውኃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ክፍል) ውስጥ መሆኑን አንዳቸውም አያውቁም።

ውኃው ነገሩን ያባብሰዋል። የረጠበ ሰው የሰውነት ተቃውሞ ወደ 1,000 ኦም ገደማ ሊወርድ ይችላል። 220 ቮልት ለ1,000 ሲካፈል 220 ሚሊአምፔር ነው፤ የጨበጡትን መልቀቅ እንዲያቅትዎ ደግሞ 10 ሚሊአምፔር ገደማ ይበቃል።

መጀመሪያ ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ ይንገሩ፤ መምረጫውን (ፓምፑ በአውቶ ወይም በእጅ እንዲነሳ የሚያደርገውን ማዞሪያ) ከአውቶ ወደ ዜሮ ያዙሩና ፓምፑን በማቆሚያው ያቁሙ። ሞተር እየሠራ አይሶሌተር (ፓምፑን ከኃይል መስመሩ የሚለየውን ዋና ማጥፊያ) መንቀል ብልጭታ ስለሚያስነሳ ቅደም ተከተሉን አይገልብጡ። ቀጥሎ ከፓኔሉ ፊት ሳይሆን ከጎን ቆመው አይሶሌተሩን ያጥፉ፣ ጓጉንቸር ቁልፍ ያድርጉበት፣ ስምዎን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ምክንያቱን የያዘ ካርድ ያንጠልጥሉ። ካርድ ብቻውን ማንንም አያስቆምም። ሁለት ሰው ከሠራ ሁለት ጓጉንቸር ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱም የራሱን ቁልፍ ኪሱ ይይዛል።

ሞተሩ በቪኤፍዲ (የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠር መሣሪያ) የሚነዳ ከሆነ መሣሪያውን ገና አይክፈቱ። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኃይል የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ኃይሉ ከተቆረጠ በኋላም ከ500 ቮልት በላይ ይዘው ይቆያሉ። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ሙሉ ይጠብቁ።

አሁን ይለኩ። ቴስተሩን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚያውቁት መስመር ላይ ይሞክሩት። ከዚያ ሦስቱን ፌዝ (ኃይል የሚያመጡትን ሦስት ሽቦዎች) እርስ በርስ፣ ቀጥሎ እያንዳንዱን ከኤርዝ (ከመሬት መስመሩ) ጋር ይለኩ፤ በድምሩ ስድስት ልኬት ነው። ሲጨርሱ ወደ መጀመሪያው መስመር ተመልሰው ቴስተሩን ድጋሚ ይፈትሹ። ባትሪው ያለቀ ወይም ገመዱ የተቆረጠ ቴስተርም እንደ ሞተ መስመር ዜሮ ነው የሚያሳየው። ሽቦውን ሳይነካ የሚጮኸው የኃይል መጠቆሚያ እስክሪብቶ ለጥቆማ እንጂ ለማረጋገጫ አይሆንም። መጨረሻ ላይ መምረጫውን ወደ እጅ አዙረው ማስነሻውን አንዴ ይጫኑ፤ ፓምፑ ካልተነሳ መምረጫውን ወደ ዜሮ ይመልሱ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ከሌላ ፓኔል የሚመጣ መስመር ነው። የፍሎቱ ሽቦና እርጥበት እንዳይዘው ሞተሩ ውስጥ የሚገባው ማሞቂያ ዋናው መስመር ቢጠፋም ኃይል ሊኖራቸው ይችላል። ተርሚናል ሳጥኑ ውስጥ የሚያዩትን ሽቦ ሁሉ ለይተው ይለኩ።

ሰብመርሲብል (ውኃ ውስጥ ሰምጦ የሚሠራ) ፓምፕ በኤሌክትሪክ ገመዱ አይሳብም፤ ለማንሻው ሰንሰለት አለው። በገመዱ ከሳቡት የመግቢያው ማጥበቂያ ይላላና ውኃ ወደ ሞተሩ ይገባል፤ ከሳምንታት በኋላ የ30 ሚሊአምፔር መከላከያው (ኃይል ወደ መሬት ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጠው) መውደቅ ይጀምራል። ያኔ መከላከያውን ማለፍ ሳይሆን ኢንሱሌሽኑን (የሽቦዎቹን መከለያ) በ500 ቮልት ሜገር (የመከለያ ጥንካሬ መለኪያ) መለካት ነው፤ ከ1 ሜጋኦም በታች ካሳየ ፓምፑ አይነሳም። ቪኤፍዲውን ሳይነቅሉ ሜገር ካደረጉ ግን ያቃጥሉታል።

ባልደረባዎ ኃይል ከያዘው አይንኩት፤ መስመሩን አስቀድመው ያጥፉ። የማይተነፍስ ከሆነ እርዳታ አስጠርተው ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ይጀምሩ።

ሲጨርሱ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጓጉንቸር ራሱ ይፈታል። ተራ ከተቀየረ ገቢው የራሱን ሳያስር ወጪው አይፈታም። ሽቦው ተነቅሎ ከነበረ ፓምፑን ለጥቂት ሰከንድ አስነስተው ግፊቱን ይዩ፦ ቢዞርም ግፊቱ ከወትሮው ካነሰ ሁለት ፌዝ ተለዋውጠው ወደ ኋላ እየዞረ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመቀየር እንደገና ከጓጉንቸሩ ይጀምሩ።