ስለ አሕመድ ዘዌል ሲወራ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ግብጻዊው የሌዘር ኬሚስት አሕመድ ዘዌል እ.ኤ.አ. በ1999 የኬሚስትሪ ኖቤልን ብቻቸውን ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ ስማቸው ሲነሳ አብረው የሚነሱ ስህተቶች አሉ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሌዘሩን የፈጠሩት እሳቸው ናቸው ማለት። አይደሉም። የመጀመሪያው ሌዘር በ1960 ነው የበራው። እጅግ አጫጭር ብልጭታ የሚሰጡትንም የሠሩት ሌሎች ናቸው። የዘዌል ሥራ ብልጭታውን ወደ ኬሚስትሪ አምጥቶ ጥያቄ ማስመለስ ነው።

«አቶም ሲንቀሳቀስ በካሜራ ቀረጹ» ማለት። ይሄ በጣም የተለመደው ነው፤ ዋናውን ብልሃት ስለሚደብቅ እኔንም በጣም የሚያናድደኝ እሱ ነው። ካሜራ የለም። ያሉት ሁለት የሌዘር ብልጭታዎች ናቸው። የመጀመሪያው እንደ ሩጫ ማስጀመሪያ ተኩስ ነው፤ ሞለኪውሎቹን በአንዴ ያስነሳቸዋል። ሁለተኛው ትንሽ ዘግይቶ ይደርስና የት እንደደረሱ ያያል። በአቶሞቹ መካከል ያለው ርቀት ሲቀየር ሞለኪውሉ የሚውጠው የብርሃን ቀለምም ይቀየራልና።

መዘግየቱስ በምን ይለካል? በሰዓት አይደለም፣ በመንገድ ርዝመት ነው። ብርሃን በአንድ ፌምቶ ሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ ሚሊዮንኛ) 0.3 ማይክሮሜትር ይጓዛል፤ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር ሺህኛ ነው። ሁለተኛው ብልጭታ የሚነጥርበትን መስታወት በጥቂቱ ገፋ ካደረጉ መንገዱ ይረዝምና ብልጭታው ይዘገያል። መዘግየቱን እየቀያየሩ ደጋግመው ይለካሉ፤ ውጤቱ ሲደረደር እንቅስቃሴው ይታያል። በ1980ዎቹ መጨረሻ አዮዲን ሳያናይድ የተባለ ሞለኪውል በ200 ፌምቶ ሰከንድ ገደማ ሲሰበር ያዩት በዚህ መንገድ ነው። በሶዲየም አዮዳይድ ደግሞ አቶሞቹ ወዲያው አልተለያዩም። ራቅ ይላሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይርቃሉ።

«ኖቤል ያገኙ የመጀመሪያው ዓረብ» ማለት። ፕሬዚዳንት ሳዳት በ1978፣ ደራሲው ናጊብ ማሕፉዝ በ1988 ወስደዋል፤ ሁለቱም ግብጻውያን ናቸው። ዘዌል የመጀመሪያ የሆኑት በሳይንስ ነው።

የአሜሪካ ትምህርት ብቻ ውጤት ማድረግ። በግብጾቹ ከተሞች በደመንሁር ተወልደው በደሱቅ አደጉ። የመጀመሪያና ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የያዙት ከእስክንድርያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ፔንሲልቬንያ ለዶክትሬት የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። ካልቴክ (የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋም) የገቡት በ1976 ነው።

ታሪኩን ሽልማቱ ላይ ማቆም። እስከ 2016 ሕልፈታቸው ድረስ ሠርተዋል። በብርሃን ብልጭታ የአቶሞቹን ቦታ የሚያውቁት በተዘዋዋሪ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛውን ብልጭታ በኤሌክትሮን ተክተው፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ጊዜንም የሚያሳይ ምስል ማውጣት ጀመሩ። «ቀረጹ» የሚለው ቃል ለዚህኛው ሥራ ቢነገር ያስኬዳል።