ሺሽ ከባብ ሲደርቅ ጥፋቱ የማነው?

በቅመም ታሽቶ፣ መሰኪያ ላይ ተሰክቶ ከሰል ላይ የተጠበሰ የበሬ ስጋ ሲደርቅ መጀመሪያ የሚወቀሰው ቅመሙ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሎሚው ይጨመራል፣ ስጋው ይብስበታል። እኔ ግን የምጠረጥረው ስጋውንና እሳቱን ነው። የተለመዱት ጥፋቶች እነዚህ ናቸው።

ያገኙትን ስጋ መሰካት። ፍሪምባ የወጥና የቅቅል ስጋ ነው። ረጅም ሰዓት ካልበሰለ አይለሰልስም፤ ፍም ላይ የሚቆየው ግን ጥቂት ደቂቃ ነው። ሽንጥ ወይም ፊሌቶ ግዙ። ልኳንዳ የምናገኘው ስጋ በአብዛኛው ትኩስ እርድ ስለሆነ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ቢያድር ይለሰልሳል። ሲቆረጥም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ከዚያ ካነሰ ሳይቀላ ይደርቃል።

ሎሚና አቼቶ ማብዛት። ሎሚ ወደ ስጋው ውስጥ ብዙም አይዘልቅም። ሲያድርበት ላዩን ያገረጣዋል፣ ያላሽቀዋል። ሎሚ ካለበት ሁለት ሰዓት ይበቃል። ማሳደር ከፈለጋችሁ ሎሚውን ትታችሁ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በጥብስ ቅጠልና በጨው እሹት። ወደ ውስጥ የሚገባው ጨው ነው፤ ለአንድ ኪሎ ሁለት የሻይ ማንኪያ ልሙጥ። ፓፓያ የሚጨምሩም አሉ። ጥሬው ፓፓያ ስጋን በእርግጥ ይፈታል፣ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ የምትሰኩት ነገር አይተርፋችሁም።

አዋዜና ማር ቀድሞ መቀባት። ስጋው ሳይበስል በርበሬው ያርራል፣ ይመራል። ሊወጣ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ቀቡት። የተከተፈውን ነጭ ሽንኩርትም ከመጥበሳችሁ በፊት አራግፉት።

ከሰሉ ሳይቀላ መጀመር። ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው። እንግዳ መጥቷል፣ ሁሉም ርቦታል፣ ከሰሉ ገና ይጨሳል፤ ስጋው ግን ይጣዳል። ጭሱ ቆሞ ፍሙ ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። ከዚያ ከሰሉን ወደ አንድ ጎን ሰብስቡት፤ ነበልባል ሲነሳ ስጋውን የምታሸሹበት ቦታ ይኖራችኋል። ነበልባሉን የሚያስነሳው የሚንጠባጠብ ዘይት ስለሆነ ስጋውን አንጠፍጥፋችሁ ጣዱት። እርጥብ ስጋማ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

አጠጋግቶ መሰካት። በቁራጮቹ መካከል ትንሽ ክፍተት ተዉ። ቲማቲምና ሽንኩርት ለብቻቸው ይሰኩ፤ የሚበስሉበት ጊዜ ከስጋው ይለያል። ለፎቶ ያምራል ካላችሁ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የእንጨት መሰኪያ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ ይቆይ።

የተረፈውን ማሻ፣ ማለትም ስጋው የታሸበትን ቅመም፣ እንደ ማባያ ማቅረብ። ጥሬ ስጋ ለለመደ ሰው ቅንጦት ይመስላል፤ ነገር ግን ጥሬ ስጋ ያደረበት ፈሳሽ ነው። ለማባያ የሚሆነውን ስጋው ሳይነካው ቀንሳችሁ አስቀምጡ።

ዝናብ መጣ ብሎ ከሰሉን ቤት ማስገባት። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ጭስ የለውም ብላችሁ አትታለሉ። በረንዳው ካልተመቸ ስጋውን ከመሰኪያው አውጥታችሁ በብረት መጥበሻ ጥበሱት፤ ጥሩ ጥብስ ይወጣዋል።