የሚያንጠባጥብ አሮጌ የመዳብ ድስት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና ጥገናው

ጠብታው የሚታይበት ቦታ ሌላ፣ ውሃው የሚወጣበት ቦታ ሌላ ነው። ውሃ የድስቱን ሆድ ተከትሎ ስለሚወርድ ብዙ ሰው ደህናውን መቀመጫ ሲደበድብ ይውላል። መጀመሪያ ጠመኔ ፈጭታችሁ በውሃ በጥብጡና ውጩን ቀቡ። ሲደርቅ ከመያዣው በላይ እስኪደርስ ሙቅ ውሃ ሙሉበት፤ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ሳሙናም ጨምሩ፣ ውሃው በጠባብ ስንጥቅ እንዲሰርግ ይረዳዋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጠመኔው ቀድሞ የጠቆረበት ነጥብ ቀዳዳው ነው።

ቀዝቃዛ ድስት ቡታጋዝ ላይ እንደተጣደ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ውጩ ቢረጥብ ግን ፍሳሽ አይደለም። ከነበልባሉ የሚወጣው እንፋሎት ነው።

ከመያዣው ሥር የሚወርድ ውሃ

ከሚያፈሱት አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው። መንስኤው የላላ ሪቬት፣ ማለትም መያዣውን ከድስቱ ጋር የሚያያይዘው አናቱ የተቀጠቀጠ ሚስማር ነው። መዳብ ሲሞቅ ከብረት በ40 በመቶ ገደማ ይበልጥ ይለጠጣል፤ መያዣው ብረት ከሆነ በየማብሰሉ ሁለቱ እየተጓተቱ ሪቬቱን ያላሉታል። በዚያ ላይ 20 ሊትር ውሃ የያዘ ድስት በአንድ መያዣ ብቻ ሲነሳ ክብደቱ በሙሉ ሁለት ሦስት ሪቬት ላይ ይወድቃል፣ ክቡ ቀዳዳም እንደ እንቁላል ይሞላለቃል።

ከዚያ የሚደረገው ነው የሚያሳዝነው። አንዱ በሪቬት ሽጉጥ የአሉሚኒየም ሪቬት ይመታበታል። ይህ ሪቬት መሃሉ ባዶ ነው፤ ሲጀመርም ውሃ እንዲይዝ አልተሠራም። ደግሞም አሉሚኒየም ከመዳብ ጋር ተነካክቶ ጨው ያለበት ወጥ ሲያገኘው እየተበላ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ሌላው የብረት ቡሎንና ሮንዴላ ያስገባና በጎማ ያሽገዋል፤ ቡሎኑ ይዝጋል፣ ጎማው ይቃጠላል። በኢፖክሲ የተለበጠው ደግሞ ውጩ ደህና መስሎ ከሥሩ ይላቀቃል፤ የተቃጠለው ማጣበቂያም ወጥ ውስጥ ይገባል። ሦስቱም ባንድ ድስት ላይ ተደራርበው የሚመጡበት ጊዜ አለ። ያኔ ጥገናው ራሱ አጭር ነው፤ ቀኑን የሚፈጀው የቀድሞውን ሥራ መፋቅ ነው።

ሪቬቱ ላላ እንጂ ካልተበላ አትቀይሩት። ወደ 2 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከውስጥ አናቱ ላይ አስደግፉና በውጭ በኩል ክብ አናት ባለው ትንሽ መዶሻ ጠርዝ ጠርዙን በቀላሉ ምቱት። አንዴ በኃይል መምታት ሪቬቱን ያጣምመዋል።

መቀየር ካለበት የውጩን አናት በሞረድ አስተካክላችሁ መሃሉን በ4 ሚሊሜትር ፑንታ ብሱ፤ አናቱ ሲላቀቅ ግንዱን ወደ ውስጥ ግፉት። በመሮ አትቁረጡ፣ ቀጭኑ መዳብ ይቀደዳል። አዲሱ ሪቬት ንጹሕ መዳብ ይሁን። ከተጣለ ወፍራም ባለ አንድ ዘንግ የኤሌክትሪክ ሽቦም ይሠራል። ፈዛዛ ቀይ እስኪሆን አሙቁትና ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ መዳብ እንደ ብረት በመንከር አይጠነክርም፣ ይለሰልሳል። ለ5 ሚሊሜትር ሪቬት ከመያዣው ውጭ የሚተርፈው ከ7 እስከ 8 ሚሊሜትር ይሁን፤ ካነሰ አናት አይወጣውም፣ ከበዛ ይተኛል። ቀዳዳው ከሪቬቱ ከ0.2 ሚሊሜትር በላይ ከሰፋ የ6 ሚሊሜትር ሪቬት ውሰዱና መያዣውንም ድስቱንም አንድ ላይ ብሱ።

ሪቬት ብቻውን ሁልጊዜ ውሃ አይይዝም። የውስጥ አናቱን ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ አጽዱ፣ በውሃ የሚታጠብ የመዳብ ቧንቧ ፍሉክስ (ቆርቆሮው መዳቡን እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) ቀቡ፣ ከውጭ በኩል በትንሽ ነበልባል አሙቁ፣ ቆርቆሮውን (ቀልጦ የሚይዘውን ለስላሳ ብረት) መዳቡ ላይ ነካ አድርጉት። የሚያቀልጠው መዳቡ እንጂ ነበልባሉ መሆን የለበትም። ልክ ሲያበራና ሲሰርግ እሳቱን አንሱ። ፍሉክሱ ከጠቆረ አልፏል፤ አጽድታችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ስለ ሊድ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ቆርቆሮ ሲባል የጣሪያው አይደለም፤ በ232 ዲግሪ የሚቀልጠው፣ የመዳብ ድስት ውስጡ የሚለበስበት ነጩ ለስላሳ ብረት ነው። ሬዲዮ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ሊድ (የብየዳ ሽቦ) ግን አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት። ጥቅሉ ላይ 60/40 ወይም 63/37 ከተጻፈ ሁለተኛው ቁጥር የእርሳሱ መጠን ነው። በምግብ ዕቃ ላይ አታስነኩት፤ እርሳስ ወደ ጎምዛዛ ምግብ ይሟሟል፣ ሕፃናትን ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ይጎዳል። 97 በመቶ ቆርቆሮና 3 በመቶ መዳብ የሆነውን ወይም ብር የተቀላቀለበትን ፈልጉ። በድስቱ ላይ ግራጫ፣ በጥፍር የሚጫር፣ ወረቀት ላይ ጥቁር መስመር የሚተው አሮጌ ልጣፍ ካገኛችሁ እርሳስ ነው ብላችሁ ያዙት። ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፣ አቧራው ነው መርዙ። አርጥባችሁ ፋቁት።

መቀመጫው ላይ የመርፌ ቀዳዳ

ጨው ያለበት ምግብ ሲያድርበት ወይም በአሸዋ ሲፈተግ ይመጣል። ከ1 ሚሊሜትር በታች ከሆነ በጠፍጣፋ ብረት ላይ አስደግፋችሁ ዙሪያውን ወደ መሃል ቀጥቅጡ፣ ከውስጥ ቆርቆሮ አልብሱት። እስከ 3 ሚሊሜትር ድረስ ጠፍጣፋ አናት ያለው የመዳብ ሪቬት ይደፍነዋል። ዙሪያው በአውራ ጣት ሲጫን ከጎደጎደ ግን መዳቡ አልቋል፤ አንዱን ስትደፍኑ ሌላው ይከፈታል፣ መለጠፊያ መዳብ ያስፈልገዋል።

ቆርቆሮ የለበሰው ጥገና ውስጡ ውሃ እስካለ ከ100 ዲግሪ ብዙ ስለማያልፍ ይቆያል። ባዶውን ከተጣደ ይቀልጣል፤ ቁሌት ከተቁላላበትም ሊቀልጥ ይችላል። ይህን ለባለቤቱ ሳትነግሩ አታስረክቡ። ባዶውን አይጣድ! የከሰል ምድጃ ላይ ደግሞ በፍጹም።

በጎኑ ስፌት ላይ

ጥርስ በጥርስ የተያያዘና በናስ የተበየደ አሮጌ ስፌት ከሆነ በያጅ ጋ ይሂድ። ፍሪጅ ጠጋኞች የሚይዙት ፎስፈረስ ያለበት የመዳብ ዘንግ መዳብን ከመዳብ ያለ ፍሉክስ ይይዛል፤ ብረት መያዣ ላይ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ሙቀቱ ከ700 ዲግሪ ስለሚያልፍ የውስጡ ቆርቆሮ ይጠፋል፣ እንደገና መልበስ አለበት። የብር ዘንግ ከተጠቀመ ካድሚየም የሚባለው መርዛማ ብረት የሌለበት ይሁን።

ከንፈሩ ላይ ስንጥቅ ካለ መጨረሻው ላይ 2 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብሱና ጉዞውን አቁሙት፤ ከዚያ ድፈኑት።

ሲያልቅ በየሊትሩ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ያለበት ውሃ አፍሉበትና ድፉት፣ አለበለዚያ የቀረው ፍሉክስ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል። ከዚያ ጠመኔውን ደግማችሁ ቀቡ፣ ሞልታችሁ አፍሉት፣ ሲቀዘቅዝም ሞልቶ ይደር። ሙቅ ሲሆን ያልፈሰሰ ሪቬት ሲቀዘቅዝ የሚያፈስበት ጊዜ አለ።