ቀረጻችሁ ለምን እንደሚበላሽ፦ ምልክቱ፣ መነሻው፣ መፍትሄው

ቀረጻ የጀመረ ሰው ድምፁ ሲበላሽበት መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሶፍትዌሩ ነው። ፕለጊን (ሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ይጭናል፣ ኢኪው (የባስና ትሬብል ማስተካከያ) ያዞራል፣ ‹‹ድምፅ ማጥሪያ›› የሚል ቪዲዮ ይፈልጋል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ጋ ሳይደርስ ነው የተፈጠረው። ድምፅ የሚሄድበት መንገድ አለው። ከአፍ ወይም ከመሣሪያው ይነሳል፣ ክፍሉ ውስጥ ይዞራል፣ ማይክ ይገባል፣ በኬብል ወደ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ሳጥን) ይሄዳል፣ ከዚያ ሶፍትዌር፣ መጨረሻ ላይ ስፒከር ወይም ሄድፎን። ስትፈትሹም በዚሁ መንገድ ሂዱ፣ ከአፍ ጀምራችሁ። ከመጨረሻው ጀምሮ መፈለግ ቀን ይበላል።

ማይኩ ጭራሽ ድምፅ አይሰጥም

ማይኩ ኮንደንሰር (ለመሥራት ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ዓይነት) ከሆነ መጀመሪያ ኢንተርፌሱ ላይ 48 ቮልት የሚለውን ቁልፍ እዩ። ፋንተም ፓወር የሚባለው እሱ ነው፣ አብዛኛው የስቱዲዮ ኮንደንሰር ማይክ ያለሱ አይሠራም። ዳይናሚክ ማይክ አያስፈልገውም፣ ኬብሉ ደህና ከሆነ ቢበራበትም አይጎዳውም። ሪበን ማይክ (ድምፅ በስስ የብረት ጥብጣብ የሚይዝ) ካላችሁ ግን አጥፉት፣ በተለይ አሮጌ ከሆነ ሊበላሽ ይችላል።

የ48 ቮልቱ መብራት በርቶም ማይኩ ዝም ካለ ሶፍትዌሩ የትኛውን ኢንፑት እንደሚያዳምጥ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የላፕቶፑን የራሱን ማይክ መርጦ ታገኙታላችሁ። ድምፁ በግራ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። አንድ ማይክ ስቴሪዮ ትራክ ላይ ቀድታችኋል ማለት ነው። ትራኩን ሞኖ፣ ማለትም ባለአንድ ቻናል አድርጉት፣ አለቀ።

ከጀርባ ሽሽሽ የሚል ድምፅ አለ

ዋናው መነሻ ርቀት ነው። ማይኩና ድምፃዊው በተራራቁ ቁጥር ጌይን (ኢንተርፌሱ የማይኩን ድምፅ የሚያጎላበትን መጠን) ትጨምራላችሁ፣ ጌይን ሲጨምር ደግሞ የማሽኑ ሹክሹክታ፣ የኮምፒውተሩ ፋንና የመንገዱ ጫጫታ አብረው ያድጋሉ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ከአፍ በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ 6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ከ15 ሴንቲሜትር ወደ 60 ያፈገፈገ ሰው 12 ዴሲቤል አጥቷል፣ እሱን በጌይን ስትመልሱ ሽሽሽታውም 12 ዴሲቤል ከፍ ይላል። መፍትሄው ቀላል ነው፦ ቅረቡ። ለድምፃዊ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ጥሩ መነሻ ነው።

ቀርባችሁም ካልጠፋ ማይኩን ራሱን እዩት። አንዳንድ ዳይናሚክ ማይኮች በጣም ብዙ ጌይን ይፈልጋሉ። በፖድካስት ቪዲዮዎች ላይ የምታዩት የሹር ኤስ ኤም 7 ቢ ለምሳሌ ወደ 60 ዴሲቤል ይጠይቃል፣ ርካሽ ኢንተርፌስ እዚያ ሲደርስ ጉልበቱ አልቆ ሽሽሽ ማለት ይጀምራል። ማይክና ኢንተርፌሱ መካከል የሚሰካ ትንሽ ማጉያ ይሸጣል፣ እሱ ይረዳል። ጫጫታ የሚያጠፋ ፕለጊን የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። ሲበዛበት ድምፁን ውሃ ውስጥ ገብቶ እንደሚያወራ ሰው ያደርገዋል።

ከፍ ብሎ ሲዘፍን ይሰነጠቃል

ዲጂታል ቀረጻ ጣሪያ አለው፣ 0 ዴሲቤል። ከዚያ በላይ የሄደው የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፣ ተቆርጦ የተቀዳ ደግሞ በትክክል አይመለስም። ጀማሪን የሚያታልለው ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው ፌደር (የትራኩን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ተንሸራታች) ነው። እሱን ዝቅ ስታደርጉ የምትቀንሱት የተሰነጠቀውን ድምፅ መጠን እንጂ ስንጥቁን አይደለም። መቀነስ ያለበት ኢንተርፌሱ ላይ ያለው የጌይን ማዞሪያ ነው፣ ያውም ከቀረጻ በፊት።

ድምፃዊ ‹‹እስቲ ሞክር›› ሲባል ሁሌም ለስለስ አድርጎ ነው የሚዘፍነው። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ሙከራውን ከአዝማቹ ጀምሩ፣ እዚያ ላይ ከፍተኛው ጫፍ ከጣሪያው 10 ወይም 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲቀር አድርጉ። ‹‹ቀይ እስኪነካ ድረስ አስጠጉት›› የሚለው ምክር የቴፕ ዘመን ነው። በ24 ቢት ስትቀዱ በወረቀት ላይ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ ያለው ክልል 144 ዴሲቤል ነው፣ በ16 ቢት 96። ዝቅ ብሎ መቅዳት ምንም አያስከፍላችሁም።

‹‹ፕ›› እና ‹‹ብ›› ላይ ቡፍ ይላል

አየር ነው ማይኩን የመታው። ፖፕ ፊልተር (ከማይኩ ፊት የሚቆም የነፋስ መከላከያ ወንፊት) አድርጉ፣ ወይም ማይኩን ከአፍ ፊት ለፊት ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ አድርጋችሁ ወደ አፍ አዙሩት፣ ነፋሱ ያልፈዋል። ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን መቁረጥም ያግዛል። በጣም ስትቀርቡ ድምፁ የሚወፍርባችሁ ከሆነ ደግሞ የማይኩ ጠባይ ነው። ከፊት ብቻ የሚያዳምጡ ማይኮች ምንጩ ሲጠጋቸው ባስ ይጨምራሉ። የሬዲዮ ሰዎች ይወዱታል፣ ለዘፈን ግን ትንሽ ማፈግፈግ ነው።

ድምፁ ባዶ ቤት ውስጥ የተቀዳ ይመስላል

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። ሰው ቀረጻው ርካሽ ሲመስልበት ማይኩን ይቀይራል። አዲሱ ማይክ ደግሞ የተሻለ ስለሚሰማ ክፍሉን ጭምር አጥርቶ ይቀዳዋል!

ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከማይኩ አንድ ሜትር ተኩል ራቅ ብሎ ያለ ባዶ ግድግዳ ድምፁን 9 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ቆይቶ ይመልሰዋል። ጆሮ ይህን እንደ ገደል ማሚቶ ለይቶ አይሰማውም፣ ከዋናው ድምፅ ጋር ተደባልቆ ሳጥን ሳጥን የሚል ቀለም ይሰጠዋል። ሪቨርብ (ሰው ሠራሽ የክፍል ማስተጋባት) ቢጨመርበት አይሸፈንም፣ እንዲያውም ይብሳል።

የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይቅር። ቀላልና ስስ ስለሆነ ድምፅ አያስቀርም፣ የሚነካውም ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው። ስስ ስፖንጅም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ላይኛውን ይውጠዋል፣ ታችኛውን ይተወዋል፣ ክፍሉ ታፍኖም ይጮሃል። ምክንያቱ ውፍረት ነው። የ100 ሄርዝ ድምፅ አንድ ሞገዱ ብቻ 3.4 ሜትር ይረዝማል፣ ሦስት ሴንቲሜትር ስፖንጅ ለእሱ እንደሌለ ነው።

የሚሠራው ወፍራምና ለስላሳ ነገር ነው፦ ፍራሽ፣ ድርብርብ ብርድ ልብስ፣ ልብስ የሞላ ክፍት ቁም ሳጥን። ከግድግዳው ትንሽ አርቃችሁ ስቀሉት፣ ክፍተቱ ራሱ ይሠራል። ቦታው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ብርድ ልብሱን ከማይኩ ጀርባ ይሰቅላል፣ ማይኩ ግን የሚያየው ድምፃዊውንና ከድምፃዊው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መሸፈን ያለበት ከድምፃዊው ጀርባ ያለው ነው። ከክፍሉ ጥግና ከትክክለኛው መሀልም ራቁ፣ ሁለቱም ባሱን ያዛባሉ። የት እንደምትቆሙ ካላወቃችሁ እያጨበጨባችሁ ክፍሉ ውስጥ ዙሩ። ጭብጨባው ደርቆ የሚቀርበት ቦታ የእናንተ ቦታ ነው።

እምምም የሚል ጉርምርምታ አለ

ከመብራት የሚመጣ ነው፣ እንደየአገሩ 50 ወይም 60 ሄርዝ። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ሞክሩ። ከጠፋ ችግሩ የግራውንድ ዙር (በዕቃዎቹ የግራውንድ መስመሮች መካከል የሚዞር ኤሌክትሪክ) ነው፣ ሁሉንም ዕቃ አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩት። የሶኬቱን የግራውንድ እግር መቁረጥ ግን አይታሰብም፣ ሰው ይገድላል። ካልጠፋ የድምፅ ኬብሉን ከመብራት ገመድ አርቁት፣ ባላንስድ ኬብል (መንገድ ላይ የሚገባ ጫጫታን የሚያጠፋ) ተጠቀሙ። የኤሌክትሪክ ጊታር ከሆነ ተጫዋቹ ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ይዙር፣ ጉርምርምታው የሚቀንስበት አቅጣጫ አለ።

ድምፃዊው ራሱን ዘግይቶ ይሰማል

ባፈር ሳይዙ (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ ሰብስቦ የሚያስተናግደው የድምፅ ናሙና ብዛት) ትልቅ ነው። 1024 ላይ በ44.1 ኪሎ ሄርዝ ባፈሩ ብቻ 23 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል፣ ምት ለመሳት ይበቃል። ስትቀዱ ወደ 128 ወይም 64 አውርዱት፣ ሚክስ ስታደርጉ (የተቀዱትን ትራኮች ስታዋህዱ) መልሱት። ዝቅ ስታደርጉት ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ ኮምፒውተሩ አልቻለም፣ ከባድ ፕለጊኖችን ለጊዜው አጥፉ። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ የኢንተርፌሱን የራሱን አሲዮ (መዘግየትን የሚቀንስ) ድራይቨር ጫኑ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ኢንተርፌሱ ላይ ያለው ዳይሬክት ሞኒተር ነው፣ ድምፁ ኮምፒውተር ሳይገባ በቀጥታ ጆሮ ይደርሳል። ብሉቱዝ ሄድፎን ለቀረጻ አይሆንም፣ አትድከሙ።

ትናንት የተቀዳው ዛሬ ፈጥኖ፣ ቀጥኖ ይሰማል

በ44.1 ኪሎ ሄርዝ ሳምፕል ሬት (በሰከንድ በሚወሰዱ የድምፅ ናሙናዎች ብዛት) የተቀዳ በ48 እየተጫወተ ነው፣ 9 በመቶ ገደማ ይፈጥናል። የፕሮጀክቱንና የኢንተርፌሱን ሳምፕል ሬት አንድ አድርጉ።

ሄድፎን ላይ ያምራል፣ ሌላ ቦታ ይፈርሳል

አንድ መነሻ የለውም። በብዛት የማየው ግን ድምፅ ከፍ አድርጎ ሚክስ ማድረግ ነው። ጆሯችን ድምፅ ዝቅ ሲል ባስን አሳንሶ ነው የሚሰማው፣ ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በ1933 በልኬት አሳይተዋል። እያስጮኻችሁ የሠራችሁት ሚክስ ባሱ የበቃ ይመስላል፣ ሰው ቤቱ ቀስ አድርጎ ሲከፍተው ግን ባስ የለውም። አጠገባችሁ ካለ ሰው ጋር ሳትጮኹ ማውራት በምትችሉበት መጠን ሥሩ። የዝነኛ ዘፈን ቅጂ አጠገባችሁ አስቀምጡና እየቀያየራችሁ አወዳድሩ፣ ግን ዝነኛውን መጀመሪያ ከእናንተው እኩል ዝቅ አድርጉት፣ ጮክ ያለ ነገር ሁሌም የተሻለ ይመስላልና።

ቀጥሎ ሞኖ አድርጋችሁ ስሙት። ጊታሩ ወይም ኪቦርዱ ድንገት ከከሳ ወይም ከጠፋ ሁለት ትራኮች እርስ በርስ እየተጠፋፉ ነው፣ አንዱ ሲገፋ አንዱ ይስባል። በሁለት ማይክ የተቀዳ ከሆነ የአንዱን ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጡና የሚወፍርበትን ያዙ። ነገሩ ሁሉ ጭቃ ጭቃ ካለ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ሄርዝ አካባቢ ሁሉም መሣሪያ ተሰብስቦ ተቀምጧል። ትሬብል አትጨምሩ፣ ድምፃዊውን ተዉትና ከሌሎቹ ከዚያ አካባቢ ትንሽ ትንሽ ቀንሱ።

ከሌሎች ዘፈኖች ያነሰ ይሰማል

ስፖቲፋይ በተለመደው አሠራሩ ዘፈኖችን ወደ ኔጌቲቭ 14 ሉፍስ (የአጠቃላይ ጩኸት መለኪያ) አካባቢ ያስተካክላል። ሊሚተር (ጫፉን ጨፍልቆ ድምፁን የሚያስጮህ ፕለጊን) ረግጣችሁ ከዚያ ብታስበልጡት መልሶ ይቀንሰዋል፣ ለእናንተ የሚቀራችሁ የተጨፈለቀው ድምፅ ነው። ጫፉን ከጣሪያው 1 ዴሲቤል ዝቅ አድርጋችሁ አውጡት። ፋይሉ ከወጣ በኋላ ሶፍትዌሩን ዝጉና ፋይሉን ብቻ እስከ መጨረሻው አዳምጡ። ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ሪቨርብ ተቆርጦ የሚቀረው እዚያ ነው፣ መቁረጫ ምልክቱን ጥቂት ሰከንድ ወደ ቀኝ ጎትታችሁ እንደገና ማውጣት ነው።